ሳይፈሩ፣ ሳይጸጸቱ መብላት፦ ሐዋሳ ያላችሁ እስቲ እናውራ

ሐይቅ ዳር (ጥያቄውን ያነሳችው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከምግብ ጋር በሰላም የምትኖሩ ካላችሁ ምክር ፈልጌ ነው።

ቤታችን ውስጥ ስለ ምግብ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ሆኗል። እህቴ ስትመጣ «ዳቦ አቁሜያለሁ» ትላለች። ጎረቤት ገና ከበር «ወፈርሽ ልበል?» ትለኛለች። ቢሮ ስሄድ አንዷ እንጀራ ትታለች፣ አንዷ እራት አቁማለች፣ ሌላዋ ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ብቻ ነው የምትጠጣው። በዓል ባለፈ ቁጥር ሁሉም «ከሰኞ ጀምሮ» ይላል። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የሰባት ዓመት ልጄ እንጀራውን ትኩር ብላ አየችና «ማሚ፣ ይሄ ያወፍራል?» አለችኝ። ሌላው ሰው ሳቀ። እኔ ደነገጥኩ።

ስኳርም ግፊትም የለብኝም፣ ታይቻለሁ። ጥያቄዬ ስለ መክሳት አይደለም። ምግብ ፊቴ ሲቀርብ ሒሳብ መሥራት እንዲቀርልኝ ነው የምፈልገው። ሽሮዬን በደስታ በልቼ፣ ሲበቃኝ እጄን ታጥቤ፣ ወደ ሥራዬ መሄድ። ደግሞ ለአንድ ወር አይደለም፣ ለዕድሜ ልክ። ይሄ የተሳካላችሁ ሰዎች ቤታችሁ ምን ይበላል? ልጆቻችሁን ምን ትሏቸዋላችሁ?

የዳይት ፕሮግራም ባትልኩልኝ ደስ ይለኛል። እሱ ሞልቷል።

ብረት ገፊ

እህቴ፣ ነገሩ ቁርጠኝነት ብቻ ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ስኳር መተው፤ የሚበላውን እየመዘገቡ መብላት። ጂም የማሠለጥናቸው ሰዎች በዚህ ነው የተለወጡት። ምግብ ለጉልበት ነው። ደስታን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

የአሳ ቤት ልጅ

ወንድሜ ብረት ገፊ፣ የመጨረሻዋ ላይ አልስማማም። ደስታው ከወጣ ሰው በምግብ ላይ የሚጸናበት ምክንያት ምን ቀረ?

ያደግሁት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ነው። ቤተሰቦቼ አሳ ጠብሰው ነው ያሳደጉኝ። እዚያ ሰው እንዴት እንደሚበላ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቆሮሶው ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተጠርጎ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ይገባል። ቆዳው ሲደርቅና ጠርዙ ወደ ላይ ሲቀለበስ ይወጣል። ከዳጣና ከሎሚ ጋር ሙሉውን ይቀርባል። አሁን እዩት። ሙሉ አሳ በጥድፊያ አይበላም። አጥንት አለው። በጣት እየፈለጉ ነው ሥጋውን ከአጥንቱ የሚለዩት። ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራሙን መጀመሪያ ያነሳሉ፣ ከዚያ ወደ ጉንጩ ይሄዳሉ። እጅ ዘይት ስለሆነ ስልክ የሚነካ የለም። መሀል ላይ ይወራል፣ ይጎራረሳል። ራቅ ብለው አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። አንድ አሳ ሁለት ሰው ረጅም ጊዜ ያቆያል፣ ሁለቱም ጠግበው ነው የሚነሱት።

ያው ሰው ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ዓይኑን ተክሎ ሳንዱች ሲውጥ ደግሞ ከአሳው የበለጠ በልቶ አይጠግብም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብስኩት ፍለጋ ይወጣል። ልዩነቱ ካሎሪው ብቻ አይመስለኝም።

ነርሷ

ሐይቅ ዳር፣ ጥያቄሽ ልብ የሚነካ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ በሥራዬ በየጊዜው የሚገጥመኝ ነገር ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ቁርጠኝነቱ። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የሚባሉ ተመራማሪ አንድ ጥናት ጀመሩ። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ሰዎቹ ስድስት ወር ገደማ ምግብ ተቀነሰባቸው። ልብ በሉ፣ ጨርሶ አልተከለከሉም። ዳቦ፣ ድንች፣ መኮሮኒ ይበሉ ነበር። ግን ከለመዱት ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው። ቀስ በቀስ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። ወጥ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ሰሃን ይልሱ ነበር። ቁጡ ሆኑ፣ ከሰው መገለል አበዙ። ገደቡ ሲነሳ ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልለቅ ብሏቸው ለወራት ከልክ በላይ በሉ።

እነዚህ ሰዎች ቁርጠኝነት አልጎደላቸውም። የሰው አካል እንዲህ ነው የተፈጠረው። ምግብ ሲጎድልበት ሐሳቡን ሁሉ ወደ ምግብ ያዞረዋል።

ስለዚህ ጠዋት ማኪያቶ ብቻ ጠጥታ ወጥታ፣ ምሳ ላይ ሰላጣ ቀማምሳ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ማድ ቤት ቆማ ከድስት የምትበላ ሴት «ሆዳም ሆኛለሁ» ስትለኝ አላምናትም። ስትራብ ነው የዋለችው። የማታውን ድስት ከመቆለፍ በፊት ጠዋቱን ማስተካከል ነው። ቂንጬ፣ ፉል፣ እንቁላል ፍርፍር፣ የተገኘው ይሁን፤ ብቻ ሆድ የሚይዝ ቁርስ። ምሳ ደግሞ እውነተኛ ምሳ። የማታው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይረግባል።

እንጀራ ምን እንዳጠፋ አልገባኝም። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፣ ፋይበር አለ። ሽሮና ምስር ፕሮቲን ይሰጣሉ። ሰሃኑ ላይ ወጡና ጎመኑ ሰፋ ካለ፣ እንጀራው መጠነኛ ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ ምሳ ከየት ይመጣል? ጎመን ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ያግዛል። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ሰውነት እንዳይወስደው ይይዙታል። የደም ማነስ ያለባችሁ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቆየት ብላችሁ ጠጡ። ቡናውን አልከለከልኩም፣ ሰዓቱን ነው ያልኩት።

ደግሞ ተረጋግቶ መብላት ላይ የአሳ ቤት ልጅ ያለው ልክ ነው። የጥጋብ ስሜት ከሆድ ወደ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። በአምስት ደቂቃ የበላ ሰው መጥገቡን የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው።

ጾመኛዋ

ነርሷ፣ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ልጨምር። አሁን አሁን ጾምን እንደ ዳይት የሚያወሩ በዝተዋል። «ሁዳዴ ላይ እከሳለሁ» ይባላል። ይሄ ያሳዝነኛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ መጀመሪያ አለው፣ መጨረሻ አለው፣ ጸሎት አለው፣ ምጽዋት አለው። ከሰው ጋር ነው የሚጾመው። የሚከለክለው ምግቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ቅቤው በፋሲካ ይመለሳል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ተብሎ ይበላል። ራስን ለመቅጣት የሚደረገው ዳይት ግን ቅቤውንም የበላውንም ሰው ያስጠላል።

የጾም ገበታ ደግሞ ደስ የሚል ነው እኮ! አዚፋ በሰናፍጭ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ክክ፣ ቀይ ሥርና ድንች። እናቴ ስልጆ ስታቀርብ ቤቱ ይሞላል። ጾም ሲፈታ ብቻ መጠንቀቅ ነው። የጥንቶቹ ተልባ በጥብጠው ጠጥተው ነው ወደ ዶሮው የሚሄዱት። እኛም ቤት እንደዚያው ነው።

(አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንጀምረው። ለንስሐ አባታችሁ።)

ብረት ገፊ

የሚኒሶታውን ጥናት አላውቀውም ነበር፣ አመሰግናለሁ ነርሷ። ሠልጣኞቼ ላይ የማየው ነገር አለበት፤ ጥብቅ ፕሮግራም ከያዙት ብዙዎቹ በሦስተኛ በአራተኛ ወራቸው ይጠፋሉ። ግን አንድ ነገር። ስኳር ያለበት ሰውስ? እሱም «ደስ ያለህን ብላ» ይባላል?

ጋሼ ታቦር

ልጆቼ፣ ይሄ ጥያቄ ለእኔ ነው። ጡረተኛ ነኝ፣ ስኳር ካገኘኝ ቆይቷል።

መጀመሪያ ሰሞን ቤቴ ውስጥ ለብቻዬ የሕመምተኛ ትሪ ይቀርብልኝ ነበር። ከስኳሩ ይልቅ የከፋኝ ያ ትሪ ነው። ቤተሰብ አንድ ላይ ሲጎራረስ እኔ ጥግ ላይ የተቀቀለ ነገር ይዤ እቀመጣለሁ። ክትትል የማደርግበት ቦታ አንዲት ሐኪም ይሄን ሰምታ «ጋሼ፣ ከቤተሰብ ጋር ይብሉ፤ የቤቱን ምግብ ነው የምናስተካክለው» አለችኝ። ባለቤቴን ጠርታ አነጋገረቻት። ዘይቱና ጨው ቀነሰ። ጎመንና ምስር በረከተ። እንጀራው ለእኔ ግማሽ ሆነ፣ ወጡ ላይ እጄ አልታሰረም። ልጆቹም ያንኑ ነው የሚበሉት፤ ለእነሱም ጥሩ ነው።

ጁስ ቤት ስገባ አቮካዶውን «ያለ ስኳር፣ ሎሚ ጨምርበት» እላለሁ። ሽሮፕ እየጨመሩበት ነው እንጂ የሲዳማ አቮካዶ በራሱ ምን ይወጣለታል? ማንጎና ፓፓያ በጁስ ሳይሆን ፍሬውን ቆርጬ፣ መጠኑን ጠብቄ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ባለቤቴና እኔ ወደ ሐይቁ ወረድ እንላለን፣ ፍቅር ሐይቅ እስከሚባለው ዳርቻ ድረስ ተራምደን እንመለሳለን።

አንድ ነገር ግን አደራ። የስኳር መድኃኒት እየወሰዳችሁ ምግብ አትዝለሉ። ስኳር ወርዶ ሰው ይወድቃል። ኪሴ ከረሜላ አይጠፋውም፤ የልጅ ልጆቼም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ አይነኩብኝም።

እና ልጄ ብረት ገፊ፣ መልሱ እንዲህ ነው። ልክ አለው። ልክ ያለው ሰውም ግን በደስታ መብላት ይችላል።

ብረት ገፊ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ተቀብያለሁ።

የቱላዋ

ጋሼ ሲጽፉ አያቴን አስታወሱኝ። የእኛ የሲዳማ ሰው ከምግብ ጋር እንዴት ይኖር እንደነበር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቡርሳሜን ውሰዱ። ወሳው፣ ማለትም ከእንሰት የሚሠራው ቆጮ፣ ደቆ፣ በቅቤ ታሽቶ፣ በእርጎ ወይም በወተት ይቀርባል። ቅቤው ለስሙ ጠብ የሚል አይደለም፣ ጣት መሀል የሚፈስ ነው። ለዘመን መለወጫችን ለፍቼ ጨምበላላ በየቤቱ ይሠራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከአንድ ገበታ ይበላል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ይሄ አብሮ መብላትም አብሮ ተጽፏል።

አያቴ ቡርሳሜ በየቀኑ አትበላም ነበር። በአዘቦት ቀን ወሳ በጎመን፣ ወተት፣ ቦሎቄ ነው ምግቧ። ቅቤው የበዛበት ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ በደስታ ነው። ነገ ሰኞ እቀጣለሁ ብሎ የሚበላ ሰው አላየሁም። አሁን የጠፋን ይሄ ይመስለኛል። የበዓሉን ምግብ የአዘቦት አድርገነዋል፣ ከዚያ ደግሞ በበዓሉ ቀን እንፈራዋለን።

ማታ ሺፍት

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ቤት ኪራይ የምንጋራ ልጆች ነን። «በሰዓቱ ብሉ» ሲባል ለእኛ ይከብዳል፤ ሺፍቱ ይቀያየራል። ስንገባ ደክሞን ዳቦ በሻይ በልተን እንተኛለን። ደመወዙንም ታውቁታላችሁ። ለእኛስ ምን ትላላችሁ?

ነርሷ

እህቴ፣ ጥሩ አደረግሽ። ሰዓቱ ከፀሐይዋ ጋር ሳይሆን ከእንቅልፍሽ ጋር ይሂድ። ስትነሺ ቁርስ ነው፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ቢሆንም። ከሥራ በፊት ደህና ምግብ ብሊ። ለሌሊቱ በሶ ወይም ቆሎ ያዢ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሆድ ይይዛሉ። ዳቦውን አታቁሚ፣ አቮካዶ ቀቢበት። በወቅቱ ገበያ ላይ በቅናሽ ይገኛል። ሲቻል የተቀቀለ እንቁላል። ደግሞ አብራችሁ ስለምትኖሩ ተራ ገብታችሁ ድስት ሽሮ ወይም ምስር ሥሩ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይረክሳል። ድካሙ ከእንቅልፍ በኋላም ካልለቀቀሽ ደምሽን ታዪ፣ ጤና ጣቢያ ይመረመራል።

የሁለት ልጆች አባት

ሐይቅ ዳር ስለ ልጆች ለጠየቅሽው። ባለቤቴና እኔ የያዝነው አንድ መንገድ አለ። ኤለን ሳተር የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያስፋፋችው ነው። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። መብላት አለመብላቱን፣ ምን ያህል እንደሚበላ ደግሞ ልጁ ይወስናል። በቃ።

ለሐበሻ ወላጅ ይሄ ከባድ ነው። «ይሄን ጨርስ! አንድ ጉርሻ ለአባባ፣ አንድ ለእማማ» ብለን ነው ያደግነው። ግን ልጅን በጉርሻ ከጥጋቡ በላይ ስናስኬደው፣ ሆዱ «በቃኝ» ሲለው እንዳይሰማው ነው የምናስተምረው። እናቴ በመጀመሪያ ተቆጣች፣ «ልጁን ልታስርቡት ነው» አለች። አሁን ሰሃኑ ላይ ትንሽ ሲተርፍ ዝም ትላለች።

«ጎመኑን ከጨረስሽ ኬክ ትበያለሽ» የምትለዋንም አቁመናል። ልጅ ከዚያ የሚማረው ጎመን ቅጣት፣ ኬክ ሽልማት መሆኑን ነው። ልጄ ጎመን አይነካም ነበር። ሳናስገድድ፣ ሳናሞግስ፣ እኛ እየበላን ጠረጴዛ ላይ ማቅረባችንን ቀጠልን። አዲስ ምግብ ለመቀበል ልጅ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሊቀርብለት ይችላል ይላሉ ባለሙያዎቹ፤ ሁለቴ ቀርቦ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም። አሁን ከአይብ ጋር ይበላዋል።

ስለዚያች ጥያቄ፣ «ያወፍራል ወይ?» ስትልሽ፣ «እንጀራ ለመሮጥና ለመማር ጉልበት ይሰጥሻል፣ ሲበቃሽ ታቆሚያለሽ» ብትያት ይበቃል። ረጅም ትምህርት አያስፈልጋትም። የምታየው ግን ያስፈልጋታል። አንቺ ከእሷ ጋር ቁጭ ብለሽ ያንኑ ስትበዪ ትይ።

ሐይቅ ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም ለባለቤቴ አነበብኩለት። ቤታችን ውስጥ «ያወፍራል» እና «ያከሳል» የሚሉት እንዲቀሩ ተስማምተናል። እህቴንም ለብቻዋ አነጋግሬያታለሁ፤ ልጅቷ ፊት ስለ ዳይት እንዳታወራ። ተረድታኛለች። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ቁርስ በልቼ ነው ከቤት የምወጣው።

የቸገረኝ የዘመዶቹ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ቤት፣ ማኅበር፣ ሁሉም ጋ «ወፈርሽ» ወይም «ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?» አለ። ደግሞ በቃኝ ሲባል «በሞቴ!»። ትልልቅ ሰዎች ስለሆኑ መቆጣት አይቻልም።

የቱላዋ

«በሞቴ» በፍቅር ነው የሚባለው፣ በፍቅር ነው የሚመለሰው። አንዷን ጉርሻ ተቀበይ፣ አመስግኚ፣ ተነስተሽ እጅሽን ታጠቢ። እጁን የታጠበን ሰው ማንም እንደገና አያስቀምጥም። መጀመሪያ ሲቀርብ ደግሞ ትንሽ አስወጪ፣ ጨምሩልኝ ብለሽ ብትጠይቂ አስተናጋጇ ደስ ይላታል።

«ወፈርሽ» ለሚለው እኔ የምለው አንድ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?» ወሬው ወደ ጉልበታቸውና ወደ ወገባቸው ይሄዳል።

ነርሷ

ይሄ ጥሩ ነው። እኔ ደግሞ በአክብሮት ለማንሣት የምፈልገው አለ። ይሄን የምታነቡ ውስጥ በልታችሁ ሆን ብላችሁ የምታስመልሱ፣ ወይም ምግብ መፍራቱ ከሥራና ከሰው ያራቃችሁ ካላችሁ፣ ይሄ በቁርስና በሎሚ የሚስተካከል አይደለም። ሕመም ነው፣ ይታከማል። ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ማስመለስ ሲደጋገም የልብ ምትን የሚያዛባ የማዕድን መዛባት ያመጣል፤ ስለዚህ አትቆዩ። በውስጥ ብትጽፉልኝም እመልሳለሁ።

ማታ ሺፍት

ነርሷ፣ ተራ ገብተን መሥራት ጀምረናል። የትናንቱ ምስር ነበር። የደም ምርመራውን በዕረፍቴ ቀን እሄዳለሁ።

ብረት ገፊ

ነርሷ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጾም ሲመጣ ጂም የሚመጡ ልጆች «ፕሮቲን ከየት እናምጣ» እያሉ ውድ የፕሮቲን ዱቄት ይገዛሉ። ብድር የገባም አለ። ምን ልበላቸው?

ነርሷ

ለአብዛኞቹ አያስፈልግም በላቸው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተር፤ ከእንጀራ ወይም ከቂንጬ ጋር ሲበሉ ይሟላሉ። ሽሮውን ወፈር አድርገው ይሥሩ፣ ጠዋት ፉል ይብሉ፣ ከስፖርት በኋላ ቆሎና ለውዝ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማይበላ ካለ ብቻ ቫይታሚን ቢ12ን ሐኪም ይጠይቅ፤ ከዕፅዋት አይገኝም። ኩላሊቱን የሚያመው ልጅ ካለ ደግሞ ዱቄቱን ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያ ይመርመር።